የኮምፔርሳቶ ጉድጓድ

ሚስተር ጉርዲያል መጡ፣ ከበራፌ ቆሙ፣
ጥምጥሙ እንደ ድሮው፣ ጥጥ ሆነ እንጂ ጢሙ።
ስምንተኛ ክፍል፣ በማስመሪያ ጠርዝ ጣቴን እየመቱ፣
"የክብ ዙሪያ ስንት ነው?" የሚሉ፣ ያው ሰውዬ፣ እሳቱ።
ሰላም ሳይሉኝ ገና ወረቀት ዘረጉ፣
"ጉድጓድ ሥራልኝ" አሉ፣ "በዚህ ነው ወርዱ፣ በዚህ ነው ጥጉ።"
"የምን ጉድጓድ?" አልኩኝ።
"የመንደሬን" አሉኝ።

ለካስ በዓል አላቸው፣ ሚያዝያ በገባ ሳምንት፣
በወዲያ አገራቸው ስንዴ የሚታጨድበት።
ከሞጆ ከወንጂ፣ ከሐዋሳም ጭምር፣
ፋብሪካ ያለው በመኪናው፣ ደሞዝተኛው በሚኒባስ፣ ተጠራርቶ ሊያብር፣
ከሐዲዱ ማዶ፣ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ፣
ላንድ ቀን መንደር ሊሆን፣ ላንድ ቀን፣ ያለ ዕዳ።

"ግንቡ ጭቃ ይሁን፤ ስንጥቅም ይኑረው።"
ስንጥቅ ስደፍን ነው የኖርኩት፤
በገንዘቡ ስንጥቅ ሲያሠራ ያየሁት እሳቸው የመጀመሪያው ሰው።
አልጋም ሳሉልኝ፤ አራት እግር፣ የገመድ መረብ፤
"ይሄማ ጠፍር ነው!" አልኩ፣ ሥዕሉን ሳየው በቅርብ፣
"ቆዳውን ትተን ገመድ ካልን፣ አባቴ የሞተበት።"
ዝም አሉ፤ እርሳስ ቀረጹ፤ "የእኔም" አሉኝ፣ ድንገት።

የበዳሳን ጋሪ ተከራየን፤ የሚስበው ፈረስ፤
"እኛ ጋ በሬ ነው፣ ቀንድ ይሠራለት" ቢሉት፣ በዳሳ ሊያለቅስ፦
"ፈረሴን በሬ? በቁሙ? ነገ ምን ልባል፣ ጋሪ ተራ ስደርስ?"
ሸንኮራው ግን ሸንኮራ ነው፤ ከወንጂ ነው፤ ያጣብቃል፤
እሱን ለማስመሰል ማንም አልደከመ፤ እውነት የሆነ ነገር ሥራ ይቀንሳል።

ጉድጓዱን በኮምፔርሳቶ አዞርኩት፤ ሃያ ሁለት ለሰባት፣
አእምሮዬ ቢረሳ ጣቴ አይረሳት።
ድንጋይ ቀባሁበት፣ ሻጋታ ቀባሁበት፤
ውሃው ግን ከየት ይምጣ? ቢቸግረኝ ምናሴን፣ ለማጄን፣ ከውስጥ ቀበርኩት፣
ከሁለት ቢጫ ጀሪካን ጋር።
"ባልዲ ሲወርድ ሙላ። ትንፍሽ እንዳትል፤ አታስነጥስ።
እስኪመሽ ጉድጓድ ነህ፤ ሰው የምትሆነው፣ ሕዝቡ ቤቱ ሲመለስ።"

ቀኑ ደረሰ፤ ከበሮው በሁለት ጎኑ በበትር ተደበደበ፤
ወይዘሮ ሱርጂት ግድግዳውን አሸተቱ፤ ግንባራቸው ተሰበሰበ፦
"እበቱ የታለ?"
በዳሳ ሮጦ አመጣ። አምባራቸውን ሳያወልቁ፣
እስከ ክርናቸው ነክረው፣ በመዳፍ በመዳፍ ለቀለቁ፤
የልጅ ልጃቸው ጃስሊን፣ አፍንጫዋን ይዛ፣
በስልኳ ትቀርጻለች፣ ስቃ ስቃ ፈዛ።

አመሻሽ ላይ፣ ሰው ሁሉ ወደ ምግቡ ሲጎርፍ፣
ሚስተር ጉርዲያል ብቻቸውን መጡ።
የጉድጓዱን አፍ በመዳፋቸው ዞሩት፤
ለካስ ዙሪያውን ይለኩ ነበር።
ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ጥምጥማቸውን ባንድ እጅ ደግፈው፣
ወደ ጨለማው ተጣሩ፦
"ኪርፓል! ኦይ፣ ኪርፓል!"

ከታች፣
ከኮምፔርሳቶውና ከጀሪካኑ መሃል፣
"አቤት!" አለ ምናሴ።

እኔ ደርቄ ቀረሁ።
እሳቸው አልሳቁም። አልተቆጡም።
ሌላ ነገር አሉ፣ በቋንቋቸው፣ ረዘም ያለ፣ ቀስ ያለ፣
ቁጭ ብሎ ለሚሰማ ሰው የሚነገር ዓይነት።
ምናሴ ውሃ የጠየቁ መስሎት
ባልዲውን ሞልቶ ገመዱን ነቀነቀ።
ሳቡት። ጠጡ።
የአዳማ ቧንቧ ውሃ፣ ጀሪካን ጀሪካን የሚል፣
በጢማቸው ወርዶ ደረታቸውን አራሰው።

በማግስቱ ምስማር ስንለቅም፣
"ጋሼ፣ ኪርፓል ማነው?"
"እኔ ምን አውቄ።"
"አቤት ባልል ይሻል ነበር?"
መዶሻዬን ፈለግኩ፤ እጄ ላይ ነበር።

ኮምፔርሳቶው አሁን የመደርደሪያዬ ጀርባ ነው፤
ድንጋይ የቀባሁት ወገን ወደ ግድግዳው ዞሯል።
ሜዳው ላይ ግን ክብ ቀርቷል፣ ሣሩ የገረጣበት፤
ልጆች ኳስ ሲያባርሩ፣
አንዳንዱ፣ ማንም ሳይለው፣
ዘሎ ያልፈዋል።