የዱቄት ሙጫ

ባሌ ትቶልኝ የሄደው መሰላልና ብሩሽ ነው፤
እሱ ወደ ምሽግ፣ እኔ ወደ ግድግዳ።
ሊዮን በዚያ ብርድ ጭጋጓን ተከናንባ ስታድር
ለጣፊዋ እኔ ነበርኩ፣ ባልዲዬን አንጠልጥዬ
በቁልቁለቱ ሰፈር፣ በሐር ሸማኔዎቹ ደጅ።

ያን ቀን የተሰጠኝ ጥቅል ሴት ነበረች፤
ከእኔ ትረዝማለች፣ ደረቷ ጥሩር ለብሷል፣
በግራዋ ባንዲራ፣ ቀኟን ዘርግታ፣
ከካባዋ ሥር ሕፃናት ሸሽጋ።
ከእግሯ በታች በቀይ፦ «ለሙት ልጆች ስጡ።
ፈረንሳይ እናታቸው ናት።»

አወቅኳት።
ሲዶኒ ናት፣ የሮን ወንዝ ዳር ልብስ አጣቢዋ፣
ቀኑን ሙሉ በሠዓሊው ቤት የቆመች
በሁለት ፍራንክ፣ በካርቶን ጥሩር፣ በባዶ እግሯ።
አንገቷን ወስዷል፣ መቃ አንገቷን፤
እጇን ግን አልወሰደም።
ሳሙና የላጠውን፣ የበረዶ ውሃ የሰነጣጠቀውን
ሥራ በማያውቅ እጅ ለውጦታል።
አገር እንዲህ ያለ እጅ የላትም ብሎ ይሆናል።
ወይ ሞኙ!

ሙጫዬ ዱቄት ነው፤ ዱቄትና ውሃ፣ በእሳት የበሰለ።
ዳቦ በግራም በሚቆረስበት ከተማ
ባልዲ ሙሉ ገንፎ ግድግዳ አጎርሳለሁ።
«ምን ቸገረሽ» ይለኛል የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ፣
«ገንዘቡ ሲሰበሰብ ለልጆቹ ነው።»
ሲሰበሰብ።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል በዚያው ሳልፍ
ቀሚሷ ከሥሩ ተገሽልጦ አየሁ፤
ነፋስ ነው ብዬ ብሩሼን ሳወጣ
ፊርማን ነው፣ የሟቹ ሸማኔ ልጅ፣
ተንበርክኮ
የደረቀውን ሙጫ በጥፍሩ ይፍቃል፣ ይልሳል።
እሷ ከላይ ሩቅ ሩቅ ታያለች።
ጉንጫቸው የሞላ፣ በቀለም የጠገቡ ልጆቿ ብቻ
ቁልቁል እሱን ያያሉ።

አልጮህኩም። ምን ብዬ?
ረፋዱ ላይ አላፊው ባርኔጣውን ያነሣላታል፣
ሳንቲም ከሣጥኑ ውስጥ ኳ ይላል፣
ይሄዳል።

ከዚያ ወዲህ፣ የፈረደ ይፍረድብኝ፣
ሙጫውን ሳበስል ጨው ጣል አደርግበታለሁ።
አጥብቄ የምለጥፈው ላይ ላዩን ነው፤
አንገቷን፣ ባንዲራዋን፣ ያን የውሸት እጅ።
ከጫማዋ ሥር ግን በወፍራሙ ደፍቼ
ሳላሽ እተወዋለሁ፣
ለልጅ ጥፍር እንዲመች።

ለሲዶኒ ብነግራት ሳቀች።
እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ያን እጇን፣
«እንግዲያ» አለች፣
«እኔም አንድ ሰው አበላሁ።»