የሮኮ ካፖርት

ቶሮንቶ፣ ሴንት ክሌር ጎዳና፣ ከሥጋ ቤቱ ጎን፣
ምድር ቤት ተከራየሁ፣ በረዶ የጣለ ቀን።
ሲኞራ ኢማኮላታ፣ የቤቱ ባለቤት፣
ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣ ከነሙሉ ጉልበት፣
ከራሴ ጀምራ ወርዳ፣ ጫማዬ ላይ ቆመች፤
«ኪራዩ ነገም ይደርሳል፣ ጫማህን ዛሬ ጥረግ» አለች።

እንግሊዝኛዋ ሰባራ፣ የኔም ያልተጠገነ፤
ለራሷ ስታጉረመርም ግን፣ ቋንቋው የኔ ሆነ፦
«ፎርኖ» ትላለች፣ «ካልሴ»፣ «ሳልሳ»፣ «ቦርሳ»፤
«ማኪና» ትለዋለች፣ መስፊያዋን ዳስሳ።
«ይሄንማ አውቃለሁ» አልኳት። «ከየት አገኘኸው?»
«ዘመዶችሽ ሲወጡ፣ ረስተው የተዉት ዕቃ ነው፤
እኛ ጋ አድጎ ከበረ፣ ልጅ ወልዶ ከርሞበት።»
በጣቷ ዓመት ቆጠረች፦ «እንግዲያው ኪራይ አለበት!»

ትምህርቱ ጀመረ።
ካፑቺኖ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ወዲያ፣ ነውር።
ስፓጌቲው ከድስቱ ቢረዝምብኝ፣ ለሁለት ስሰብር፣
ደረቷን ይዛ አማተበች፣ አጥንት የሰበርኩ ያህል፤
«ከምትሰብረው» አለችኝ፣ «ድስት መግዛት ይሻላል።»
ጣቶቿ ቀድመው ያወራሉ፣ አፏ ገና ሳይከፈት።
አንድ ቀን አምስቱን በአንድ ሰብስባ፣ ወደ ፊቴ አቀናች፤
ጉርሻ መስሎኝ አፌን ከፈትኩ።
ለካ «ምን ማለትህ ነው?» ማለቷ ኖሯል።
ሳቋ ደረጃውን ወርዶ፣ እስከ አልጋዬ ተከተለኝ።

የካቲት ላይ ሥራ ልጠይቅ፣ በቱታ ስወጣ፣
በሩን በገላዋ ዘጋች፣ ዓይኗ ሞልቶ ቁጣ፦
«የተራበ ሆድ በሸሚዝ፣ ተሸፍኖ ያድራል፤
የተጨማደደ ኮሌታ ግን፣ ለመንገዱ ያወራል።»
ከሳጥን ካፖርት አወጣች፤ ግራጫ፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸት።
የሮኮ።
ካላብሪያ ልብስ ሰፊ የነበረ ባሏ፣
እዚህ ቀን ሲሚንቶ ሲያቦካ ውሎ፣
ማታ ማታ በተሰነጣጠቀ ጣቱ ለራሱ የሰፋው።
«የባላገር ልጅ» ይል ነበር አሉ፣ «እሁድ እሁድ ባላባት ነው።»
ከሞተ አራት ዓመቱ።
ስፒል በጥርሷ ነክሳ፣ እጅጌውን አሳጠረች፤
«የሚበልጥህ በቁመት ብቻ አይደለም፣ በአቋምም ነው» አለች፤
«ቀና በል!» ብላ ደግሞ፣ ጀርባዬን በቡጢ ነረተች።

ቡና ቤቱ መስኮት ሥር፣ ካርታ የሚጫወቱ ሦስት ሽማግሌዎች
እኔን ሲያዩ ዝም አሉ፤ ካርታው በእጃቸው ቀረ።
ሳቬሪዮ የሚሉት ተነሣ፣ እጅጌዬን ገለበጠ፣
ገበሩ ሥር የተሸሸገውን ስፌት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤
«የሮኮ እጅ» አለ። ባርኔጣውን አወለቀ።
ባንኮኒው ጋ ወሰዱኝ። ቡናው ቆሞ ነው የሚጠጣው፤
በሁለት ጉንጭ ጨለጥነው፤ ሒሳብ የጠየቀኝ የለም።
ሰላምታው ለካፖርቱ ነበር፣
እኔ ውስጡ ነበርኩ።

ሥራውን አላገኘሁም፤ ጠያቂው ሰውዬ
ከኮምፒውተሩ ቀና አላለም።

እሁድ ወደ ላይ ቤት ወጣሁ፤ ስልሱ ከንጋት ጀምሮ
ሲንተከተክ፣ መስኮቱ ላብ አውጥቶ።
ካፖርቱን ሳላወልቅ፣ እንዳማረብኝ ትይ ብዬ፣
ሹካዬን ሳሽከረክር፣ አንዲት ጠብታ አመለጠች፤
ግራ እጅጌዬ ላይ፣ ቀይ፣ ሳንቲም የምታክል።
«ጨው!» አልኩ፣ «ውሃ!» አልኩ። እሷ አልተነቃነቀችም።
ቆይታ ቆይታ፣ እጄን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳበች፤
ከጠብታዋ አጠገብ፣ ስንቴ ታጥቦ የደበዘዘ
ሌላ ጠብታ አሳየችኝ።
«ሁልጊዜ እዚችው ላይ» አለች።
«አሁን ገና በላ።»
ሳህኔንም፣ ሳትጠይቀኝ፣ እንደገና ሞላችው።