ግድግዳ ተጋሪዎች

ኦሳካ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባቡር ሲያልፍ በሚርድ ቤት፣
ጌንጂሮ፣ ሊፍት ጠጋኙ፣ ከሥራ መልስ፣ በውድቅት
ሁለት ከበሮ ያስመታል፤ ቆዳ የለው፣ በትር የለው።

አንዱ ሽማግሌ ነው፤
ከአሮጌ ዕቃ ተራ የመጣ፣ እንደ ሻንጣ የሚከብድ፣
እስኪሞቅ የሚያዛጋ፣ ከሞቀ ወዲያ የሚያብድ፤
የጠፋች አንዲት ማዞሪያውን በጠርሙስ ክዳን ተክቶ፣
አራተኛው ምት ላይ ሁሌ፣ ቅንጣት ታህል ዘግይቶ።

ሌላው መዳፍ ላይ ያድራል፣ ሁለት ባትሪ ቀለቡ፤
መቶ ዓይነት ምት በሆዱ፣ አንዴም አይዛነፍ ሒሳቡ፤
በጆሮ ማዳመጫ ሹክ ይላል፣ ጎረቤት አይቀሰቅስ።
ገዛው። ወደደው።
ሽማግሌው ፎጣ ለብሶ ወጣ፣ ወደ ቁም ሣጥን ራስ።

በዘጠነኛው ቀን ወይዘሮ ኩዋታ፣ ግድግዳ የሚጋሩት፣
ደረጃ ላይ አስቆሙት።
አንገቱን ደፋ፤ ስለ ጩኸት ሊወቅሱት።
«አሞህ ነበር?» አሉት፤ «ያ የሚያነክሰው የት ሄደ?
ልብስ የማጥፈው በሱ ነበር፤ እጄ እኮ ለመደ።»

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፤ እጁ ከግድግዳ ወዲያ ቢሆንስ?

ፎጣው ተነሣ ዛሬ።
ትንሹ ቀጥ ብሎ ሲገሰግስ፣
ትልቁ ከኋላው እያነከሰ ሲያልፍ፣
መሃላቸው ክፍተት ቀረች፤
አንድ እጅጌ የምታሳጥፍ።