ናሙና አርባ አንድ

ረሆቮት መሽቷል፤ ብርቱካኑ አብቧል፤
ሽታው በመስኮቱ፣ ሳይጠራ ይገባል።
እኔ ግን በዚህ ቤት፣ ማሽተት አልችልም፤
አፍንጫ በሕጉ፣ ምስክር አይደለም።

ፊቴ ሁለት ዕቃ፤ ስምም ዘርም የላቸው፣
ቀይ የፖሊስ ሰም ነው፣ አንገታቸውን ያነቃቸው፤
አርባና አርባ አንድ፣ ተብሏል መጠሪያቸው።
ሰሙን የምፍቀው እኔ፤ ወርቁ ምን ይሆን ውስጣቸው?

አርባ የፋብሪካ ልጅ፣ ባለ ወርቅ ማኅተም፣
በሦስት ቋንቋ ያማረ፣ የታተመለት ስም፤
ከመብራት ብደቅነው፣ ጉድፍ አይታይበትም።

አርባ አንድ የለስላሳ ፕላስቲክ፣ ወገቡ የሰረጎደ፣
አፉ በነጭ ጨርቅ፣ በክር የተገመደ፤
ሁለት ዙር ወደ ቀኝ፣ አንድ ወደ ግራ፤
ይህን ቋጠሮማ፣ ሌላ እጅ አይሠራ።

የትርንጎ ነው። የአክስቴ።
ለአለቃዬ ልንገር? ደረሰ ከአንደበቴ፤
«ጨርቅ ሁሉ ጨርቅ ነው» አልኩና፣ ዋጥኩት በፍርሃቴ።

ቂርያት ሞሼ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከጠባቧ ማጀቷ፣
የመዳብ ቱቦዋ፣ ጋዙ፣ ባልዲው፣ ድስቷ፤
ጌሾ ሲወደድባት፣ ተምር ነው ብልሃቷ።
ፊት የወረደውን ስኒ፣ አትቀምስም፣ አታስቀምስም፤
በረንዳው ላይ ደፍታ፣ «ለመሬት!» ትላለች፤
«ፊት የመጣ ሁሉ፣ ታላቅ አይባልም»
እያለች ትስቃለች።

ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት፣ ይኸንኑ ነው ያስተማሩኝ፣
ከዚህ ማሽን ፊት፣ ወንበር ላይ ሳያስቀምጡኝ፦
ሜታኖል ይቀድማል፤ ኤታኖል ይከተላል፤
መልካቸው አንድ ውሃ፤ ሽታቸው ይመሳሰላል፤
አንዱ ሰው ያስጨፍራል፤ አንዱ ዓይን ይበላል።

ከናሙናው ጋር ነው፣ የሆስፒታሉ ወረቀት፦
ወንድ። ግንበኛ። ሠላሳ አራት ዓመት።
በሚያዝያ ሙቀት፣ በዚህ ላብ በላብ ቀን፣
«በረዶ ይጥላል ወይ?» አላት ነርሷን፤
እጁን ዘርግቶ፣ ሊዳስስ አመዳዩን።
ከክፍሉ የተገኙት፣ እነዚህ ሁለት ናቸው፤
ከየትኛው ጠጣ? ይናገር ጠብታቸው።

በመርፌ ጠብታ፣ ለማሽኑ አጎረስኩ፤
እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አርባ አንድ ላይ ስደርስ።
ሜዳ... ሜዳ... ሜዳ...
ከዚያ ብቅ አለች፣ አንዲት ጉብታ፤
ከገደቡ በታች፣ አንገቷን ደፍታ።
ተነፈስኩ።
ወዲያው አፈርኩ፤ ምን ያስተነፍሳል?
አርባ ገና ነው፤ ተራው ይደርሳል።

ደረሰ። ተራራው፣ ከስክሪኑ በላይ፣
ጫፉ ተቆርጦ፣ ቁንጮው ሳይታይ።

ስልኬ ጠራ።
«ያቺ ፖሊስ የወሰዳት፣ ከመቶ ስንት አመጣች?»
ትርንጎ ናት፤ እንደ ተማሪ ትጠይቃለች።
«ውጤት በስልክ የለም።»
ሳቀች። ዝም አለች።
ከዚያ ድምጿ ወርዶ፣ «በረዶውስ ለግደይ፣
አላባራለትም ወይ?»

አርባ ላይ ፈረምኩ። መብራቱን አጠፋሁ።
ውጭ ብርቱካኑን፣ ያለ ሕግ አሸተትኩ፤
ዓይኔን ግን አላመንኩም፤
የሱቁን ጽሑፍ፣ የመንገዱን ስም፣ የአውቶቡሱን ቁጥር፣
እንደ ፊደል ተማሪ፣ ጮክ ብዬ ስቆጥር፣
ሹፌሩ በሩን ከፍቶ፣ ጠበቀኝ ሳይናገር።