ተራ ቁጥር ሰባት

ደሴ ላይ ዝናብ ነው፤ ጦሳ ጉም ለብሷል፤
የአዳራሹ ቆርቆሮ ቃላችንን ይውጣል።
እኔ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ጥግ ላይ ተቀምጬ፣
ስድስቱን አጀንዳ አንድ በአንድ ገልብጬ፣
ሰባተኛው ላይ ደረስሁ፦ «የሳላይሽ ሰፈር
ቅርንጫፍ ቤተ መጻሕፍት፣ ወጪው ሲዘረዘር።»

ኢንጂነር አደም ቆመ፣ ወረቀት ዘርግቶ፤
ይህን ያህል ብረት፣ ይህን ያህል ሲሚንቶ፣
የግንብ አጥር፣ የዘብ ቤት፣ ተንሸራታች በር፣
ለምርቃቱ ደግሞ የድንኳንና የሪባን ብር።
የፋይናንሱ ውዱ መነጽሩን አውልቆ፣
አራት መስኮት ቀነሰ፣ ሃያ ወንበር ነጥቆ።
አንዱ «ሽንት ቤቱስ?» ይላል፤ አንዱ «ለእኛ ቀበሌ!»
እጅ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ እንዲሁ ነው ሁሌ።

ይሄኔ ወይዘሮ ጦይባ፣ ከመጨረሻው ወንበር፣
የሰኞ ገበያ ጨርቅ ቸርቻሪ፣ ተናግራ አታውቅ ነበር፣
«በማታ ትምህርት ነው ፊደል የቆጠርሁት፤
ምናልባት ዘልዬው እንደሁ፣ ፈልጌ አጣሁት፤
የመጽሐፉ ብር የቱ ገጽ ላይ ነው?»

ገጽ ተገለበጠ።
ውዱ ኪሱን ዳበሰ፤ አደም አቀረቀረ፤
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ተናገረ።
«አብሽሩ» አለች ኋላ፤ «ሪባኑ ከእኔ ሱቅ ይሁን፤
በሱ ብር ጀምሩት፣ መጽሐፍ መግዛቱን።»

ተጨበጨበ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።
«ግን ሪባኑ ምን ዓይነት ቀለም?» አንዱ ጠየቀ፤
እስከ ምሳ ተከራከሩበት።
እኔ ዝም ያልንባትን፣ ያቺን ደቂቃ ሳስብ፣
ተራ ቁጥር የላት፤ በምን ቃል ልመዝግብ?
አንድ መስመር ባዶ ተውሁ።