ከመስመሩ በታች

ዋንዶ ደሴት ላይ፣ ከወደቡ ማዶ፣
የማኅበሩ ቢሮ ምድጃው ነዶ ነዶ
ሲጠፋም፣ ታክ ዬሪም አልሄደችም ቤቷ፤
የዓመቱ ሒሳብ ተዘርግቶ ከፊቷ።

አርባ አንድ ቤተሰብ፣ አርባ አንድ ዐምድ፤
ገሚሱ ሽቅብ ሲያድግ፣ ገሚሱ ሲወርድ፤
በመሀል ዜሮ አለች፣ ቀጭን መስመር ሆና፣
ለማንም ሳታደላ፣ አንገቷን ሳታቀና።

ሊቀ መንበሩ ባንግ፣ መነጽሩን ፍለጋ
ኪሱን እየደባበሰ፣ «እኔን ከቁጥር ጋ
አታሟግቺኝ፤ ቀለም ስጪው» ብሏት ነበር፣
«ትርፍና ኪሳራ ተቀላቅሎ አይደር።»

ቀይ ሞከረች አስቀድማ። ግን የቱን ቀይ? የማንን?
በአገሯ መዝገብ «ቀይ ፊደል» ይሉታል ጉድለትን፤
የአክሲዮን ሰሌዳ ላይ ግን ቀይ የሚለብሰው
ዋጋው ነው የናረው፣ ሽቅብ የገሠገሠው።
ባንግ ጧት ጧት በስልኩ እሱን ነው የሚያነበው፤
ቀይ ካየ ያጨበጭባል፤ ማን ነው የሚያስቆመው?

ደግሞስ ከዐምዱ ሥር ስም አለ፣ የሰው ስም፤
በቀይ ተነክሮ የሰው ስም አይጻፍም
በዚያ አገር፤ የሞተ እንጂ፣ ወይ ሊሞት የተጠራ።
እኛ ብራና ላይ የቅዱሳን ስም በቀይ ነው የሚያበራ፤
አንድ ቀለም ነው፤ እዚህ ሲያከብሩት እዚያ የሚያስፈራ።

ሠረዘችው ቀዩን። ወደ ምርጫው ገባች፤
ከትንሿ ሳጥን ላይ ምልክት አኖረች፦
«ከዜሮ በታች ሲሆን ቀለሙ ይገልበጥ»።
ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ጠርዝ እንጂ የሌለው ውስጥ።
ዐሥራ አራት ቤተሰብ፣ እንደ ልብስ ተሰጥቶ፣
ነጭ፣ የለቅሶ ጨርቅ፣ ከውስጡ ሰው ወጥቶ።
ወንድ አያቷ የተሸኘው በዚህ ቀለም ነበር።
ቶሎ አነሣችው ምልክቱን።

አረንጓዴ?
ጀልባ ነጂው ጉክ ቀይና አረንጓዴ አይለይም፤
መንጃ ፈቃዱን እንዴት እንዳወጣ
ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሌሊቱ ሲጋመስ፣ የወረደውን ሁሉ ሰማያዊ አደረገችው፤
አምናበት አይደለም፤ ደክሟት ነው የተወችው።

ጧት አዳራሹ ሞላ፤ ቦት ጫማ፣ የጨው ሽታ።
ኦክ ማልሱን ከፊት ተቀመጠች፣ ጉልበቷን ይዛ፣ በዝግታ።
ነሐሴ ላይ ያ ዐውሎ ገመዷን በጥሶ፣
የሦስት ዓመት የባሕር ቀንድ አውጣ ከነቅርጫቱ አፍሶ
ወስዶባታል። የሷ ዐምድ ከሁሉም ይረዝማል፤
ወርዶ ወርዶ የሰሌዳውን ግርጌ ይነካል።
ጸጥታ። ማን ቀድሞ ይተነፍሳል?

«ይቺ ናት ዜሮዋ?» አለች፣ «እኔስ የውሃ ፊት መስላኝ፣
ተንሳፋፊ ኳሶቹ የሚያርፉባት፤ ዐይኔ ነው ያታለለኝ።
ከሷ በታች ያለው እኮ ነው የኛ እርሻ፤
ላይ ላዩንማ አረፋ ነው፣ እስከ መጨረሻ።»

ሳቁ። ባንግ ሳይቀር ሳቀ።
እሷ ግን ፊቷን ወደ ልጅቷ መለሰች፦
«ቀለሙስ አማረ። ስንት ነው ዕዳዬ?»
ዬሪም ነገረቻት። ሙሉውን። ድምፅዋን ሳትቀንስ።

ከሰዓት፣ ደጅ ላይ ሊለጠፍ ታተመ።
የማኅበሩ ማተሚያ ከጥቁር ሌላ አያውቅም፤
አርባ አንዱም ግራጫ ሆነው ወጡ፤
ላይና ታች ብቻ ቀረ።

ማልሱን ቆማ፣ ጣቷን ከመስመሩ አኑራ፣
ወደ ታች ወሰደችው፣ ቀስ እያለች፣ እስኪያልቅ፣
የገመድ ርዝመት
እንደሚለካ ሰው።