ደም መላሽ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትራም የነዳች ሴት፣
ወረደች ሺዙኤ ከሆስፒታሉ ፊት፤
ናጋሳኪ ዘንቧል።

ሐኪሙ ልጅ እግር፣ ሦስት ጣት አኖረ፣
በግራ አንጓዋ ላይ ምቷን ሊቆጥር ሞከረ፤
የለም።
ጣቱን ገፋ አድርጎ እንደገና ጀመረ፤
የለም።
«ሞቻለሁ እንዴ?» ብትል፣ ልጁ አፈረ።

«ሕመምዎ ብርቅ ነው፤ ያለበት ጥቂት ሰው፤
ጥናት ጀምረናል፣ ከፈቀዱ ይኸው።»
ቅጹን ዘረጋላት፤ ሰባተኛው አንቀጽ
«ለእርስዎ ላይጠቅም ይችላል» ይላል፣ ግልጽ በግልጽ።
ሁለቴ አነበበች፤ መነጽሯን ወለወለች፤
«እኔ ያልወረድሁበት ስንት ፌርማታ አለ» አለች፤
«ሰው ግን ወርዶበታል፤
እኔ አድርሼው ሄጄ፣ እሱ ቤቱ ገብቷል።»
ፈረመች።

ደም ቅዳዋ ጠቦ ምቷን ቢሸሽገው፣
ከደም መላሿ ነው ነርሷ የቀዳችው፤
ዘጠኝ ብልቃጥ።

ደም መላሽ በኛ አፍ ጠመንጃ አንጋች ነው፤
እሷ የያዘችው ጥጥ፣ በክንዷ እጥፋት፣
ገና ላልተወለደች ደም ልትመልስላት።

ትራሙ ደወለ። ወንበር ለቀቁላት፤
እንቢ ብላ ቆመች።
ሾፌሩ መስተዋት በእጀታው ጠረገ፤
ኩርባው ጋ፣ ምት አልባው እጇ ፍሬን ፈለገ።